የቤተ ሰብ ኮምፒዩተር፤ ይጣል ወይስ ይጠገን?

ባለፈው የገና ዕረፍት ወደ ቤታችን በሄድን ጊዜ፣ ገና ሻንጣችንን ከእጃችን ሳናስቀምጥ ከአባታችን የቀረበልን የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጤናችንም ሆነ ስለ ፈተናችን አልነበረም። «እስቲ ና ልጄ፣ ይህን ኮምፒዩተር እይልኝ» የሚል ነበር። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ መሆናችንንና የምናጠናውም ሥነ ጽሑፍ መሆኑን አባታችን በሚገባ ያውቃሉ። ዳሩ ግን በቤታችን ሕግ ዩኒቨርስቲ የገባ ልጅ ሁሉ ኮምፒዩተር ያውቃል። ይህም ዕጣ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በመኝታ ክፍላችን ያሉትን ጓደኞቻችንን ጠይቀን ተረድተናል፤ ከስድስታችን አምስታችን በየዕረፍቱ ያለ ደመወዝ የቤተ ሰብ ጠጋኝ ነን። ስድስተኛው የዳነው ቤተ ሰቦቹ ኮምፒዩተር ስለሌላቸው ብቻ ነው።

አባታችን የሚሉት ኮምፒዩተር በ2009 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳቸው የገዙት ላፕቶፕ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸውና የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጮውና ቅጣቱ፣ ለለቅሶ የወጣውም ገንዘብ ሁሉ የሚገኘው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው። የእናታችን ፎቶግራፎችም እንዲሁ። ታዲያ ይህ ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት ሥራ ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ እናታችን ቡናውን ቆልተው፣ ወቅጠው አቦሉን እስኪቀዱ ድረስ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ላይ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በመስታወቱ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አበቃ የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። አባታችን ይህን ያነበቡት ዕቃው ሊዘጋባቸው የቀጠሮ ቀን እንደ ተቈረጠ አድርገው ነበር።

በዚያው ሰሞን በቨርጂኒያ የሚኖሩት አክስታችን ስልክ ደወሉ። «ጋሼ፣ በዚህ አሮጌ ዕቃ ምን ያደክምዎታል? ጣሉትና ሌላ ይግዙ» አሉ። አባታችንም «አንቺ የዚያን አገር ስለለመድሽ ነው፤ እዚህ ዕቃ ይጠገናል እንጂ አይጣልም» ብለው መለሱ። ከዚያም ሁለቱም ወገን እኛን ዳኛ አደረገን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለዚያ ዳኝነት ስንል የመረመርነውን ነገር ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው፤ በሚመጣው ዕረፍት ብዙዎቻችሁ በዚሁ ችሎት እንደምትቀመጡ አንጠራጠርም።

በመጀመሪያ ክርክሩ የጠባይ መስሎን ነበር፤ አሜሪካ ያለ ሰው አባካኝ፣ የእኛ ሰው ቈጣቢ እንደ ሆነ ሁሉ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ግን ነገሩ ከጠባይ ይልቅ የዋጋ መሆኑን አስረዳን። በፋብሪካ የሚሠራ ዕቃ፣ መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደ ቍጥር ያው የሠራተኛ ጉልበት ብዙ ስለሚያመርት፣ ዋጋው እየረከሰ ይሄዳል። ጥገና ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ዕቃ በመፍቻ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ሞክሮ፣ መልሶ መግጠም አለበት። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቴያትርና ስለ ሙዚቃ ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አመልክተዋል። ለአራት ተጫዋች የተደረሰ አንድ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ዛሬም አራት ተጫዋችና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። በሌላው ሥራ ደመወዝ ሲያድግ የሙዚቀኛውም ማደግ አለበት፤ አለዚያ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ የእጅ ሥራ ሁሉ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር ሲነጻጸር እየተወደደ ይሄዳል። (የአርትስ ተማሪ የሆንን ሁሉ ይህን በልባችን ይዘን ደመወዝ ስንጠይቅ ብናነሣው መልካም ነው።) የኮምፒዩተር ጠጋኝም በዚህ ረገድ እንደ ሙዚቀኛው ነው። በቨርጂኒያ ጥቂት ሰዓት የባለሙያ ጉልበት የአዲሱን ዕቃ ዋጋ መቃረብ ከጀመረ አክስታችን «ጣሉት» ማለታቸው ቀላል ሒሳብ እንጂ ጥጋብ አይደለም።

በእኛ አገር ሒሳቡ ይገለበጣል። የጠጋኙ ጉልበት በብር ይከፈላል፤ ላፕቶፑ ግን መርካቶም ይሸጥ መገናኛ፣ መነሻ ዋጋው ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋ ዋጋ በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ወጣ፤ ወሩም ሳይሞላ 100 ብር አለፈ። ለምሳሌ 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በፊተኛው ተመን 28,500 ብር ሲሆን በ100 ብር ሒሳብ 50,000 ብር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ነጋዴ ቀድሞም ዶላሩን የሚያገኘው በጥቁር ገበያ በከፍተኛ ዋጋ ስለ ነበር የሱቁ ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የጠጋኙ የአንድ ሰዓት ዋጋ የዶላሩን ያህል እንዳልሮጠ ማንም ያውቃል። እንግዲህ አክስታችንም አባታችንም ልክ ናቸው፤ የሚያስቡት በሁለት ልዩ ልዩ ገበያ ስለሆነ ነው የማይስማሙት።

ዳሩ ግን ጥገና ርካሽ ነው ማለት ማንኛውም ጥገና ይጠቅማል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የታመመው የትኛው ብልት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተርን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት አድርገን ብንመለከተው ነገሩ ይቀለናል። ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰሰር ጸሐፊው ነው። ራም የሚባለው የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ በእጁ ላይ ያለውን ጉዳይ የሚዘረጋበት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተጠርጎ ባዶ የሚሆን። ሀርድ ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው፤ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት። ጸሐፊው እጅግ ፈጣን ነው፤ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቈጠር እርምጃ ይራመዳል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ሽማግሌ ናቸው። በአባታችን ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለት በሴኮንድ 90 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ነው። አንድ ፋይል ሲፈለግ አንባቢው ክንድ ወደ ስፍራው እስኪደርስና ሳሕኑ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የተቀመጠ ነገር በሚለቀምበት ጊዜ ሽማግሌው በሴኮንድ መቶ ጊዜ እንኳ ተመላልሰው አይሞሉም። ላፕቶፑ ሲከፈት ደግሞ የሚለቀመው ትንንሽ ነገር በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ነው። የቡናው ሥርዓት የሚያልቀው በዚህ ምልልስ ነው።

በዚህ ላይ ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ሌላ መከራ ይጨመራል። የአባታችን ላፕቶፕ ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ሲሞላ ጸሐፊው ከፊሉን ወረቀት ለጊዜው መዝገብ ቤት እንዲቀመጥለት ይልካል፤ ሲፈልገው መልሶ ያስመጣል። ይህን ሁሉ ተሸክመው የሚመላለሱት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ታስክ ማኔጀር የተባለውን ሰሌዳ ይክፈት። ፕሮሰሰሩ ከመቶ አሥሩን ያህል እንኳ ሳይሠራ ዲስኩ መቶ በመቶ ሲጨነቅ ካየ፣ ጸሐፊው ሥራ ፈትቶ ወረቀት እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት መዝገብ ቤት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፋይሉን በኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ በሴኮንድ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ጊዜ ማቅረብ ይችላል። የሚሽከረከረው ሳሕን ግን የቈየ ዘዴ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ከአባታችን በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሐሳብ ነውና ጡረታ ቢወጣ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየንም። ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መለወጥና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ ማድረግ የአዲስ ላፕቶፕን ዋጋ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ይፈጃል፤ በሕመሙ ላይ በቀጥታ የሚወድቅ መድኃኒትም እርሱ ነው።

ታዲያ አባታችን ይህን ላፕቶፕ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለጠጋኝ ሰጥተው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ነው። ተፎርማት ተደርጎ ሲመለስ ለጥቂት ሳምንት እውነትም ይፈጥናል፤ ሲከፈት አብሮ የሚነሣው የፕሮግራም ብዛት ስለተጠረገ ነው። ቀስ በቀስ ፕሮግራሙ ሲከማች ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በዚህ ንግድ ውስጥ ያለው ችግር፣ ሕመሙን የሚናገረውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ ባለ ዕቃው ደግሞ ከተጠገነ በኋላ እንኳ የተሸጠለት መድኃኒት አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ጠጋኞችን ሌቦች ናቸው አንልም። ጠጋኙ ለአባታችን ስለ መዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዳቸው ስለ ማስረዳቱ አምስት ሳንቲም አይከፍሉትም፤ ፎርማት ካደረገ ግን ይከፍሉታል። የምንከፍልበትን ነገር ነው የሚሸጥልን።

ቫይረስ እየተባለ ከሚጠራው ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው በፍላሽ የሚዛመተው፣ ሁላችንም በጽሑፍ ማተሚያ ቤቶች ደጃፍ የተዋወቅነው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ይህ እውነተኛ ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን እንደሚፈራው ፋይል አይበላም። የሚያደርገው አቃፊዎቹን ደብቆ በቦታቸው ስማቸውን የያዘ አቋራጭ ማስቀመጥ ነው፤ አቋራጩን ስንነካው ቫይረሱን ያስነሣና ከዚያ በኋላ እውነተኛውን አቃፊ ይከፍትልናል። ፍላሹ ባዶ መስሎ እየታየ የተያዘው ቦታ ግን ሙሉ ከሆነ ፋይሉ እዚያው አለ። ንጹሕ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ቫይረሱን ካስወገዱ በኋላ አትሪብ በተባለው ትእዛዝ ድብቅነቱን ማንሣት ይበቃል። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ምክንያት በከንቱ ፎርማት ተደርጎ እንደ ጠፋ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሁለተኛው ጭራሽ ቫይረስ አይደለም፤ የገዛ ፊደላችን ጣጣ ነው። ከሁለተኛው ፎርማት በኋላ አባታችን የዕድሩን ዝርዝር ሲከፍቱ የአባላቱ ስም ሁሉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅልቅ ሆኖ ጠበቃቸው። ጠጋኙም «ቫይረሱ ሰነዱን በልቶታል» አላቸው። አባታችን ከወረቀት እየገለበጡ የመቶ ሠላሳ ስምንት አባወራ ስም እንደገና ጻፉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ኮምፒዩተር ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ቍጥር ስላልነበረው፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ጽሕፈቶች ፊደላችንን በላቲኑ መቀመጫ ላይ አስቀመጡት፤ እያንዳንዱም በራሱ አደራደር። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠው በእውነት የላቲን ምልክት ነው፤ «ለ» ወይም «መ» መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው በኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው የፊደል ቅርጽ፣ ማለት ፎንቱ ነው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ጠፋ፤ የላቲኑም ምልክት ራቁቱን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ እያንዳንዱ ፊደላችን የግል ቍጥሩን አገኘ፤ «ሀ» በዐሥራ ስድስት መሠረት አቈጣጠር 1200 ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ እንደዚህ ያለ አደጋ አይደርስበትም። የዕድሩ ሰነድ ግን ከቀድሞው ጸሐፊ በአሮጌው ፎንት የተወረሰ ነበር። ያንኑ ፎንት መልሶ መጫን አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ይህን ስንነግራቸው አባታችን ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ስሙን ሁሉ በቃሌ ያዝሁት ማለት ነው» አሉን።

ስለ ጠጋኙ ይህን ያህል ከተናገርን በኋላ የራሳችንን ጥፋት ሸፍነን ብናልፍ ፍርድ ማድላት ይሆናል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በነበርን ጊዜ ከሦስቱ ፎርማቶች ሌላ አራተኛ ፎርማት በገዛ እጃችን አድርገናል። አባታችን ገንዘብ ከማወጣ ብለው ለእኛ ሰጡን፤ እኛም የማናውቀውን አናውቅም ማለት አፈርን። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ነበርና ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል መጥረግ ሲገባን ፎቶግራፎቹ ያሉበትን ጠረግን። ከነዚያ ውስጥ በታላቅ እኅታችን ሠርግ ላይ የተነሡት ነበሩ፤ አያታችን ከማረፋቸው በፊት የተነሡት የመጨረሻ ሥዕላቸውም በነዚያ መካከል ነበር። እናታችን በዚያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ማታ ራት አቅርበው ሲያበቁ «የእማዬ ፎቶ ይመለስ ይሆን?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

እዚህ ላይ ፎርማት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት ፋይሎቹን አያቃጥልም፤ የሚቀደደው ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያመለክተው ባሕረ መዝገብ ብቻ ነው። ወረቀቶቹ በመደርደሪያው ላይ ይቈያሉ፤ የሚጠፉት አዲስ ወረቀት በላያቸው ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ጥፋት የደረሰበት ሰው ወዲያው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማስመርመር አለበት። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያው ክፍል ላይ ፕሮግራምና ፊልም ስንጭንበት ሰነበትን። በኋላ ፎቶሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ያገኘነውን ሁሉ ለቀምን። ይህ ፕሮግራም ምስሉን በራሱ ቅርጽ እየለየ ስለሚያወጣ የፋይሉን ስም አይመልስም፤ ከኢንተርኔት የተራረፈ ምልክትና ማስታወቂያ ሁሉ ከሠርጉ ፎቶ ጋር ተደባልቆ መጣልን። በሦስት ሌሊት ለቀማ የአያታችንን ሦስት ፎቶ አገኘን። ሁለቱ ከግማሽ በላይ ግራጫ ሆነዋል፤ በሦስተኛው ላይ ከአገጫቸው በታች ያለው የለም። እናታችን ያንን አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

የቤተ ሰብ ጉልበት ነጻ ነው የሚለው ሒሳብ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጠጋኙ ገንዘብ ይቀበላልና ቢያጠፋ የሚጠይቀው አለ፤ ልጅ ግን ገንዘብ ስለማይቀበል የሥራው ዋጋም የጥፋቱም ዋጋ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ዲስኩ ገበያ ላይ ዋጋ አለው፤ በውስጡ ያለው ግን የለውም፤ ሆኖም ሁላችንም የምንሳሳው ለዲስኩ ነው። ኤስ ኤስ ዲ ደግሞ በዚህ ረገድ ከአሮጌው ይብሳል፤ የተሰረዘውን ቦታ ለአዲስ ሥራ ቀድሞ ስለሚያጸዳ ከፎርማት በኋላ ለቀማ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ስለዚህ መፍቻ ሳይነሣ አስቀድሞ ያለውን ሁሉ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ መቅዳት ይገባል። በዚህ ገና አባታችን «እይልኝ» ባሉን ጊዜ እናታችን ከማድቤት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና «መጀመሪያ ፎቶውን» አሉ። ቀዳን፤ አንዱን በውጭ ዲስክ፣ አንዱን በእኅታችን ኮምፒዩተር ላይ። ከዚያ በኋላ ነው የገቡት።

አሁን ስለ ማስታወቂያው እንናገር። ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጥቶ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። (የወጣበት ቀንና ብራችን በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን፣ በዘጠኝ ዓመት ልዩነት፣ ሁለቱም ሐምሌ 22 መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ አባታችን ግን አጋጣሚ ነው ብንላቸው አላመኑንም።) ድጋፉ አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ ይዘጋል ማለት አይደለም፤ አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ይቀራል ማለት ነው። ኩባንያው ወደ ዊንዶውስ 11 እለፉ ይላል፤ ይህ ግን ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያና፣ በኢንቴል በኩል ከሞላ ጎደል ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የአባታችን ስድስተኛ ትውልድ ነው። እንግዲህ ዲስኩና ራሙ ቢለወጥ ላፕቶፑ ይፈጥናል እንጂ ይህን በር አያልፍም። ለደኅንነት መጨነቁን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሥራውን በሚገባ ሊሠራ የሚችል ዕቃ በደንብ ምክንያት አሮጌ ሲባል፣ የዚያ ደንብ ዋጋ በቨርጂኒያና በእኛ ሰፈር እኩል አይመዘንም።

ሦስት መንገድ አገኘን። ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነቱን እርማት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያስቀጥል ምዝገባ ከፍቷል፤ አንድ ዓመት ፋታ ይሰጣል፤ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዊንዶውስ መሆን አለበት፤ የአባታችን ግን ከአራት ፎርማት በኋላ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመመርመር እኛም አልደፈርንም። ሁለተኛው ሊኑክስ ነው። ይህን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ዛሬ በነጻ የሚገኝ፣ ለአሮጌ ዕቃ የማይከብድና እርማቱም የማይቋረጥ ነው። ሦስተኛው እንዳለ መተውና ከኢንተርኔት መለየት ነው። እኛ የፈረድነው ለሁለተኛው ነው። አባታችን የሚሠሩት ጽሕፈትና ሠንጠረዥ ብቻ ስለ ሆነ በሊኑክስ የሚያጡት ነገር የለም፤ የአሮጌውም ሰነድ ፎንት እዚያ ላይ ይጫናል። በቤታቸው የሒሳብ ወይም የንድፍ ልዩ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ያላቸው ጓደኞቻችን ግን ይህን ፍርድ ሳይመረምሩ እንዳይወስዱ እንለምናለን።

ጣሉትና ግዙ የሚለው ሐሳብ የሚያሸንፍበትም ጊዜ አለ፤ ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ ወይም መስታወቱ ከተሰበረ ክርክር የለም። ያን ጊዜ ግን የብዙዎቻችን ቤተ ሰብ አቅም ከዱባይ ከሚመጣው ያገለገለ ዕቃ አያልፍምና ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች የጻፉት እዚህም ይሠራል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በመካከለኛ ዋጋ መልካሙን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስለማይገኝ ገበያው ላይ የሚቀረው ጉድለተኛው ይሆናል። በኮምፒዩተር ግን ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳያል፤ ዓመት 8,760 ሰዓት መሆኑን አስቦ ማካፈል ነው። ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ልክ ደግሞ ፓወር ሲ ኤፍ ጂ የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ጽፎ ያወጣል። ይህን በፍላሽ ይዞ ሱቅ የሚገባ ተማሪ ሲያይ «አይነካም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ መልሱን ሰጥቷል።

ፍርዱን በስልክ አሰማን። አክስታችን በሐሳቡ ከተስማሙ በኋላ ከላፕቶፕ ይልቅ ኤስ ኤስ ዲውንና ራሙን ለጥምቀት ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩልን፤ ሁለቱም በአንድ ፖስታ ውስጥ ገብተው መጡ። መፍቻውን ከሰፈራችን የሰዓት ጠጋኝ ተዋስን። ሥራው ራሱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም፤ ከቅጂው፣ ከሰነዱ ልወጣና አባታችንን ከማለማመድ ጋር ግን አራት ቀን ፈጀብን፤ የሴሚስተሩ ጽሑፋችንም በዚያው ልክ ዘግይቶ ገባ። ይህን ቀን ሒሳብ ውስጥ ያስገቡልን ዘንድ ለአባታችን ብናነሣባቸው «አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምርህ ደረሰኝ ቈርጬልሃለሁ?» ብለው ጠየቁን።

በመጀመሪያው ጠዋት ላፕቶፑን ከፈቱ። እናታችን ቡናውን ገና እያጠቡ ነበር። አባታችን መስታወቱን አዩ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩ፤ ከዚያም የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ቡናው እስኪደርስ የካቲት ገና ያልገባውን የዕድር መዋጮ ሒሳብ ሠሩ። ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ የራሳቸውን ኮምፒዩተር በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ገና በሩን ሳያልፉ «ቫይረስ ነው አሉኝ» አሉን።